«ፀሐይ» ለምን እህት አጣች?

በፍራንክፈርት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኒደርራድን የሚያውቀው በመሥሪያ ቤት ፎቆቹና በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። ሰፈሩ ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአውሮፕላን ሜዳና ፋብሪካ ነበረው። በ1910 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጀርመን የመጀመሪያውን የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘው አውጉስት ኦይለር፣ ሥራውን ከዳርምሽታት አጠገብ ወደዚህ አዛውሮ በጦርነቱ ዘመን ለጀርመን ጦር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጀርመን ተሸነፈች። በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል የጦር አየር ኃይል እንዳይኖራት ከለከለ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ።

ይህ ስረዛ ግን የወረቀት ስረዛ ነበር። ሜዳው ቢዘጋም ሙያው በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። መሐንዲሶቹና አብራሪዎቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ውጭ ወጡ፤ ፋብሪካዎቹም ሩቅ ገበያ ፈለጉ። ኢትዮጵያ በ1929 የመጀመሪያዎቹን አውሮፕላኖቿን ስታስመጣ አንዱ ከፈረንሳይ ፖቴዝ፣ ሌላው ከጀርመን ዩንከርስ ነበር።

ከእነዚያ ጀርመናውያን መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ አብራሪና መሐንዲስ ሆኖ ያገለገለው ሉድቪግ ቬበር ይገኛል። ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ሠራ። ንድፉ ከኦስትሪያዊው ኤሪክ ማይንድል ሥራ የመጣ ነበር፤ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተሩ ደግሞ ከቼኮዝሎቫኪያ። ሁለት ሰው የምትይዘው ይህች አውሮፕላን «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተሰየመች። ተዋጊ አልነበረችም። ይሁን እንጂ አውሮፕላን ከመግዛት አልፎ እዚያው አገር ውስጥ መሥራት የተጀመረው በእርስዋ ነው።

የበረረችው በታኅሣሥ 1935 ነው። በዚያው ወር የፋሽስት አውሮፕላኖች ደሴን፣ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር፣ በቦምብ ደበደቡ። ኢጣሊያ በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋ ነበር፤ የኢትዮጵያ ግን ከአሥር ጥቂት የዘለሉ፣ ብዙዎቹም ያረጁ ነበሩ። በዚያ ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ በዓመቱ አጋማሽ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ስላላት ዕገዳው የጎዳው ማንን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። ለገለልተኝነት ይህ ጥሩ ስም ነው!

በግንቦት 1936 ወራሪው አዲስ አበባ ሲገባ «ፀሐይ» ተማረከች። ፕሮግራሙን የሰረዘ ሚኒስትር የለም፣ ደብዳቤም የለም። አልበረረችም ተብሎ፣ ገንዘብ አለቀ ተብሎም አልቆመም። አገሪቱ ተይዛ ነው የቆመው። ኒደርራድ ያጣው ፋብሪካ ነበር፤ ጀርመን እንደሆነ በ1935 አየር ኃይሏን በይፋ መልሳ አቋቁማለች። አዲስ አበባ ያጣችው ግን አውሮፕላኗንም ባለሙያዎቿንም ነው።

ከነፃነት በኋላ አየር ኃይሉ በስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን አማካይነት እንደገና ሲደራጅ መንገዱ መግዛት ሆነ፤ መጀመሪያ የስዊድን ሳብ፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ኤፍ 86 እና ኤፍ 5፣ ከዚያ የሶቪየት ሚግ። ሻጩ ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚሆን በ1977 ታየ፤ አሜሪካ መሣሪያ ማቀበሏን አቋረጠች። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን መገጣጠም የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ አየር መንገዱ የሰብል መድኃኒት የሚረጨውን «እሸት» በአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ገጣጠመ።

«ፀሐይ» ለብዙ ዓመታት የቆየችው ከሮማ ወጣ ብሎ ባለው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ነው። ኢጣሊያ የመለሰቻት በጥር 2024 ነው፤ ከተማረከች ወደ 88 ዓመት ሊሞላት ሲል።