የአዳማ ነዳጅና የባሕር መንገድ

አዳማ (ናዝሬት) ከባሕር የራቀች ናት፤ ነገር ግን ቤንዚኗም ናፍጣዋም ላምባዋም ከባሕር በኩል የሚመጣ ነው። ስለዚህ የነዳጇን ታሪክ ለመመርመር ስንነሣ ከመንገዱ መጀመራችን ግድ ነው።

ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር በከተማይቱ በኩል ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ሲከፈት ግን ሥራው ወደ መኪና አደላ። ጣሊያኖች ከአሰብ የሠሩት መንገድ በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ዳገት የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ለቦቴ አድካሚ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሚሌ እስከ አዋሽ በአፋር ቆላ የተዘረጋው መንገድ ተራራውን አስቀረው።

በእኛ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ቀረ። ይሁን እንጂ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ ያዞሩት ቦቴዎች ከጋላፊ ገብተው ወደ አዳማ የመጡት፣ ለአሰብ ተብሎ በተሠራው በዚያው የቆላ መንገድ ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የክፍያው መንገድ እስኪከፈት ድረስ በቦቴና በጭነት መኪና እንደ ተጨናነቀ ቆየ።