ያለ ቀኑ የወደቀው የጠፈር ቤት

ወደ ሰማይ ስለ ወጡ ሰዎችና መሣሪያዎች ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን ከመውጣቱ ይልቅ የመውረዱ ታሪክ ይበልጥ ይገርመኛል። አንድ ሳተላይት ስንት ዓመት ትዞራለች? መቼስ ትወድቃለች? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ታላላቅ ሊቃውንትን አሳስቷል።

የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ወጥታ ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ተቃጠለች። ዕድሜዋ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ምድርን የሸፈነው አየር በአንድ ድንበር ላይ ቁርጥ ብሎ የሚያበቃ አይደለምና፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታም ላይ ሳስቶ ይገኛል። ይህ ስስ አየር ሳተላይቷን ይጎትታታል፤ ዝቅ ባለች መጠን አየሩ እየወፈረ ውድቀቷን ያፋጥነዋል። በ1958 የወጣችው የአሜሪካ ቫንጋርድ አንድ ግን ለምድር በምትቀርብበት ቦታ እንኳ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ዛሬም ትዞራለች። በመጀመሪያ 2000 ዓመት ትኖራለች ተብሎ ነበር፤ ኋላ ሂሳቡ ሲታረም ግምቱ ወደ 240 ዓመት ወረደ።

የግምቱ ጠላት ፀሐይ ናት። በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ትበረታለች፤ ትለዝባለች። ስትበረታ የላይኛው አየር ይሞቅና ሽቅብ ያብጣል። ያን ጊዜ ሳተላይቷ ባለችበት ከፍታ ላይ የሚገጥማት አየር ይወፍራል። ስለዚህ የሳተላይትን ዕድሜ መተንበይ የፀሐይን ጠባይ መተንበይ ነው።

ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ቤተ ሙከራ የዚህ ምስክር ነው። በሜይ 1973 ወጣ፤ ሦስት ቡድኖች ተራ በተራ ኖሩበት፤ የመጨረሻዎቹ በፌብሩዋሪ 1974 ለቀቁት። ናሳ ቤቱ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ እንደሚቆይ ገምቶ፣ ገና በመሠራት ላይ በነበረው የጠፈር መንኮራኩር ከፍ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ነገር ግን ፀሐይዋ ከታሰበው በላይ በረታች፤ መንኮራኩሩም ዘግይቶ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በኤፕሪል 1981 ነው። ስካይላብ አልጠበቀውም። ጁላይ 11 ቀን 1979 ተሰባብሮ በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ተበተነ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። የኤስፐራንስ ወረዳ አስተዳደር ግን «ቆሻሻ ጥላችኋል» ሲል ናሳን በቀልድ መልክ 400 ዶላር ቀጣ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2022 አንድ ኩባንያ በአንድ ጊዜ ካመጠቃቸው 49 ሳተላይቶች አብዛኞቹ ፀሐይ ባስነሳችው ማዕበል ሳቢያ በቀናት ውስጥ ወድቀው ተቃጥለዋል። ኮምፒዩተሩ ረቅቋል፤ ፀሐይ ግን ዛሬም የራሷን ቀን ትቆጥራለች። ሰማዩ በሳተላይት በተጨናነቀበት በዚህ ዘመን፣ ስንት እንደምናወጣ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምናወርድም አብረን ማሰብ የሚገባን ይመስለኛል።