ለብቻ የተዘረጋ ገበታ፦ የውጭ ተማሪዎች ኑሮ በቤጂንግ

ዛሬ መንገዳችን ረጅም ነው፣ ቤጂንግ ድረስ እንሄዳለን። የምናወራው ስለ መሪዎችና ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ ተማሪ ኑሮ ነው፤ ስለ መኝታ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ጓደኛ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ጥያቄ ልነሳ። አንድ ተማሪ ሰው አገር ሄዶ ከአገሬው ልጆች የተሻለ ምግብ ቢቀርብለት፣ የተሻለ ክፍል ቢሰጠው፣ ሚልጋውም ከእነሱ ብዙ እጥፍ ቢሆን፣ ለምን ትምህርቱን ጥሎ ይመለሳል? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤጂንግ ላይ የሆነው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ በ1949 ተመሠረተች። በሚቀጥለው ዓመት ከሩማንያ፣ ከቡልጋሪያ፣ ከሃንጋሪ፣ ከፖላንድና ከቼኮስሎቫኪያ 33 ተማሪዎች ተቀበለች። እነዚህ ልጆች በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ቺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለእነሱ ብቻ ክፍል ተከፍቶ ቻይንኛ ተማሩ። እኛ ኡልፓን የምንለው ማለት ነው። ሥራው ቆይቶ ወደ ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በ1962 ደግሞ ለውጭ ተማሪዎች ራሱን የቻለ የመሰናዶ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። እሱ ነው ኋላ የቤጂንግ ቋንቋ ኢንስቲትዩት የተባለው።

ቋንቋው እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት አይከብድም። እኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ፣ «ና»ን ካላላነው «እስካሁን አልሆነም» ነው፣ ካጠበቅነው በዓሉ ነው። ጽሑፉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። በቻይንኛ ይህን ሥራ የሚሠራው የድምፅ መውጣትና መውረድ ነው። «ማ» የሚለው በአንዱ ዜማ እናት ነው፣ በሌላው ፈረስ ነው፣ በሌላው ደግሞ መሳደብ። ይህን የማያውቅ ተማሪ ስለ እናቱ እያወራ ስለ ፈረስ ያወራል። በዚያ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶች በቃል መያዝ አለባቸው። ደግነቱ በ1956 መንግሥት ብዙዎቹን ምልክቶች ማቅለል ጀመረ፣ በ1958 ደግሞ ፒንዪን የተባለው በላቲን ፊደል የሚጻፍ የንባብ መንገድ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ተማሪ ቢያንስ የሚደገፍበት ምርኩዝ አገኘ።

እንግዲህ በ1960 አካባቢ ከጋና፣ ከዛንዚባር፣ ከካሜሩን፣ ከሶማሊያና ከሌሎች አገሮች አፍሪካውያን መምጣት ጀመሩ። የአፍሪካ አገሮች አንድ በአንድ ነጻ እየወጡ ነበር፣ ቻይናም ወዳጅ ትፈልግ ነበር። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ከ1959 እስከ 1961 ቻይና ውስጥ ታላቅ ረሃብ ነበር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። ከተማ ውስጥ እህል የሚገኘው በኩፖን ነው። ገንዘብ ብቻውን አይበቃም፤ ሩዝም ሆነ ዱቄት ለመግዛት ኩፖኑም ያስፈልጋል። ለውጭ ተማሪዎች ግን ለብቻቸው የምግብ አዳራሽ ነበራቸው፣ ሥጋም እንቁላልም ይቀርብላቸው ነበር። ሚልጋቸው በወር እስከ 100 ዩዋን ይደርሳል፤ ከተራ ሠራተኛ ደሞዝ የሚበልጥ ነው።

እስቲ ይህን አስቡት። አጠገብህ ያለው ቻይናዊ ተማሪ በቀጭን ሾርባ ይውላል፣ አንተ በሌላ በር ገብተህ ሥጋ ትበላለህ። ማን ነው ከዚያ በኋላ በንጹህ ልብ ጓደኛ የሚሆንህ?

ኢማኑኤል ሄቪ የሚባል የጋና ተማሪ በ1960 ቤጂንግ ገብቶ ያየውን በ1963 በመጽሐፍ አወጣ። በእሱ ቁጥር፣ እዚያ ከነበሩት 118 አፍሪካውያን ተማሪዎች 96ቱ በ1962 ወይ ሄደዋል ወይ ለመሄድ ዕቃቸውን ሸክፈዋል። ከምክንያቶቹ መካከል የቋንቋው ክብደት፣ የትምህርቱ ደረጃ ዝቅ ማለት፣ የፖለቲካ ስብከት መብዛት፣ የዘር መድልዎና የማኅበራዊ ኑሮ እጦት አሉ። ሊጠይቃቸው የሚመጣ ቻይናዊ በክትትል ውስጥ እንደሚገባ፣ ከእነሱ ጋር የተቀራረቡ ሴቶችም እንደሚቀጡ ጽፏል። በ1962 አንድ የዛንዚባር ተማሪ ሆቴል ውስጥ ተደበደበ፣ አፍሪካውያኑም ተቃውሞ አነሱ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ መሄድን መረጡ።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። መጽሐፉ የወጣው በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ነው፣ ምዕራባውያንም በደስታ ነው የተቀበሉት። ስለዚህ በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። ቢሆንም ሄቪ በረሃብ ምክንያት ሄድን አላለም። ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ ከሰው ጋር ስለ መኖር ናቸው፤ ገንዘብ የሚፈታቸው አይደሉም።

በ1966 የባህል አብዮት ሲጀመር የውጭ ተማሪዎች ትምህርታቸው ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተሸኙ። በ1972 ግን ወደ 200 የሚሆኑ የታንዛኒያና የዛምቢያ ወጣቶች የባቡር ሥራ ሊማሩ ቤጂንግ መጡ። ቻይና ከዳሬሰላም ወደ ዛምቢያ 1,860 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ እየሠራች ነበር፣ እነሱ ደግሞ ሐዲዱን የሚረከቡ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ጨርሰው በ1975 ተመረቁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? በእኔ ግምት፣ እነዚህ ልጆች ለምን እንደመጡ ያውቁ ነበር። አገር ቤት ባቡር ይጠብቃቸዋል።

በ1973 በሩ ለሌሎችም ተከፈተ፤ ከካናዳ፣ ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝ ሁሉ ተማሪ መጣ። የዚያ ዘመን ኑሮ እንዲህ ነው። ጠዋት የሚቀሰቅስህ የድምፅ ማጉያ ነው። ሳህንህን ይዘህ ወደ ምግብ አዳራሽ ትሄዳለህ። ሙቅ ውሃ ከቧንቧ አይመጣም፤ ፔርሙስህን አንጠልጥለህ ውሃ ከሚፈላበት ቤት ትቀዳለህ። ገላ መታጠቢያውም ሰዓት አለው። ከምሳ በኋላ ሁሉም ይተኛል፣ ግቢው ጭር ይላል። ክረምት ሲገባ ከተማው የከሰል ጭስ ይሸታል፣ በየመንገዱ ጎመን እንደ ግንብ ይከመራል። ብስክሌት ከሌለህ እግር የለህም ማለት ነው። ለጥቂት ሳምንታትም ፋብሪካ ወይም ገጠር ትላካለህ፣ ከገበሬው ጋር እንድትሠራ።

አንድ ለውጥ ግን ነበር። ከውጭ ተማሪ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ቻይናዊ ተማሪ መመደብ ተጀመረ። ተመርጦ የሚመደብ ነው፣ ስለ እንግዳውም ሪፖርት ሊጠየቅ ይችላል። ያም ሆኖ ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ ሁለት ወጣቶች በአንድ ክፍል ሲያወሩ፣ ያ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ትንሽ ይሳሳል።

ኢትዮጵያውያንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያና ቻይና ግንኙነት የመሠረቱት በ1970 ነው፣ ንጉሡም በ1971 ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ከሄዱት ተማሪዎች አንዱ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ናቸው፤ በቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት ተምረው፣ ከ2013 እስከ 2018 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ታሪኩ በዚህ አማረ እንዳልል፣ 1988 አለ። ታኅሣሥ 24 ቀን ናንጂንግ ከተማ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ፣ ሁለት አፍሪካውያን ቻይናውያን ሴቶችን ወደ ግብዣ ይዘው ሲገቡ «መጀመሪያ ይመዝገቡ» ተባሉ። ጭቅጭቁ ወደ ድብድብ ሄደ፣ ቻይናዊ ሞተ የሚል የሐሰት ወሬም ተሰራጨ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጣ። አፍሪካውያኑ ወደ ባቡር ጣቢያ ሸሹ፣ ፖሊስም ከከተማ አውጥቶ ሌላ ቦታ አስቀመጣቸው። ሄቪ ከጻፈ 25 ዓመት አልፎም ጠቡ ያው ነበር፦ እንግዳው ከማን ጋር ይቀመጥ?

ወላጆቻችን «እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ» ይላሉ። ይህን ታሪክ ሳነብ ተረቱ አንድ ነገር እንደጎደለው ታየኝ። ወርቁም ቢሆን ይለያል። ለብቻ የተዘረጋ ገበታ፣ ሥጋም ቢኖርበት፣ «አንተ ከእኛ አይደለህም» ይላል።

እኛም የራሳችን ታሪክ አለን። በ1955 እና በ1956 ከቤተ እስራኤል 27 ወጣቶች ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተምረዋል፤ ተምረው እንዲመለሱና በየመንደራቸው እንዲያስተምሩ ነበር ሐሳቡ። እነሱም ቋንቋ፣ ምግብና ብርድ ያልለመዱ ልጆች ነበሩ። እኔ ግን እንግዳ አይደለሁም፣ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ሆኖም መዖኖት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት «ከየት ነሽ?» ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። ክፉ አስበው አይደለም፣ አውቃለሁ። እራት አብረን ሠርተን መብላት ስንጀምር ነው ጥያቄው የቆመው።

ስለዚህ ቤታችሁ አያት ወይም አጎት ተማሪ ሆነው ሰው አገር የኖሩ ካሉ፣ ሚልጋው ስንት ነበር ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ከማን ጋር ትበሉ ነበር? ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን ቅዱልንና ላኩልን።