ዘንድሮ በሰፈራችን ጭስ አልነበረም

ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እግሬ ወደለመደው ወደ ዶሮ ማነቂያ ይዞኝ ሄደ። ሰፈሩ ዓምና በ2016 መፍረሱን አጥቼው አይደለም፤ ከፈረሰ በኋላም ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ። ትናንት ግን ቆሜ የፈለግሁት ቤቱን ሳይሆን ጭሱን ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ከየግቢው ተጠርጎ ወጥቶ የሚነደው ቆሻሻ፣ ልጆች የሚዘሉበት፣ ልብስ አጥባ ያሰጣች ሁሉ የምትራገመው ያ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ የለም። ማን ያጭሰው? ጎረቤቱ የለ።

ማታ ከድሮ ጎረቤቶቼ አንዷ ኮንዶሚኒየም ከደረሳት ሰፈር ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ አሁን እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ምኑን ላቃጥል?» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱ ይሆናል፤ በየዓመቱ በኅዳር 13 ክፍል ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ትናንት ለምን አቃጠላችሁ?» የሚል ነበር። «ለንጽሕና»፣ «ሚካኤል ስለሆነ»፣ «ትንኝ ለማባረር» ትሉኝ ነበር። ከሃምሳው አንዱ፣ እሱም አያት ያሳደገው ልጅ፣ «በሽታ ነበር አሉ» ይላል።

አዎ፣ በሽታ ነበር። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ሠላሳ ዓመት ቢያልፋት ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ። ትልቁ ገበያ ያኔ እዚሁ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ሥር ነው (ወደ አዲስ ከተማ ያዛወረው በኋላ የመጣው ጣሊያን ነው)። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኅዳር 2 ቀን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆሞ በአውሮፓ ሕዝቡ በየአደባባዩ ሲጨፍር፣ እኛ ጋ ሰው እየወደቀ ነበር።

ዓለም «የእስፓኝ ጉንፋን» ይለዋል። ከእስፓኝ ስለተነሣ አይደለም፤ እስፓኝ ጦርነቱ ውስጥ ስላልነበረች ጋዜጦቿ ሳይከለከሉ ስለጻፉት ነው። በመላው ዓለም ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው ገድሏል ይባላል። የሚገርመው ደግሞ እንደሌላው ጉንፋን ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ አይመርጥም፤ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያለውን፣ ለሥራና ለትዳር የደረሰውን ጎልማሳ ይጥል ነበር። እኛ «የኅዳር በሽታ»፣ «የንፋስ በሽታ» አልነው። ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት፤ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ ሰው በላይ መሞቱን ጠቅሰዋል። የዚያን ጊዜዋን ትንሽ ከተማ አስቡና 10 ሺህን አስቡት።

አያቴ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። የምትነግረኝ ስለ ሞቱ ብዛት አልነበረም። የምትነግረኝ ስለ ውሃ ነው። ቤት ሙሉ ሰው ተኝቶ፣ እንስራው ጥግ ላይ ሞልቶ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ የሚቀዳ ሰው ጠፋ። «የሞተው በበሽታው ብቻ መሰለህ? በጥማት የሞተ አለ» ትለኝ ነበር። እሷ እየዳኸች በጣሳ ለእናቷ አቀበለች፤ እናቷ ተረፈች፣ አባቷ አልተረፈም። የሚቀብር ስለጠፋ ከሌላ ቤት ሰው ጋር ባንድ ጉድጓድ ነው የተቀበረው። የት እንደሆነ እስክትሞት አታውቀውም ነበር። ለቅሶ መቀመጥ የለ፣ ድንኳን የለ፣ አስተዛዛኙም ራሱ አልጋ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በአፍንጫ፣ ባሕር ዛፍ በየደጁ እየታጠነ። ሰው በሽታውን የሚያመጣው የተበላሸ ንፋስ ነው ብሎ ስላመነ የጎረቤቱን ጥራጊ ሁሉ ሰብስቦ አነደደው። የሰው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከዚያ ከ15 ዓመት በኋላ በመሆኑ ይህን ማንም ሊነቅፍ አይችልም። እሳቱ ቫይረሱን አልገደለውም። ቢሆንም በሽታው ሲያልፍ እሳቱ ቀረ፤ በየዓመቱ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ መቶ ዓመት ተሻገረ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። በማስተምርበት ጊዜ ኅዳር 12ን እንደ ልቤ እተርክና ኅዳር 14 ላይ ስደርስ ቶሎ አልፈው ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አስራተ ካሣ፣ ራስ መስፍን ስለሺ፣ ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ... ጄኔራል አማን አንዶም እጄን አልሰጥም ብለው ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ሌሎቹ የተረሸኑት ዓለም በቃኝ በሚባለው እስር ቤት ነው፤ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት የቆመበት ቦታ ላይ።

በማግሥቱ በራዲዮ ሲነገር ፒያሳ ነበርኩ። አባቴ በወሎው ረሃብ ምክንያት ሚኒስትሮቹን ሲራገም የከረመ ሰው ነው፤ ዜናውን ሰምቶ ግን ተነሥቶ ራዲዮኑን አጠፋና ኮፍያውን አወለቀ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። «መሬት ለአራሹ» ብዬ የጮህኩ ልጅ ነኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወጥተን ማኪያቶ ጠጣን፤ «ይበላቸው» አልን። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሰው አላስባለኝም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከእነዚያ ጓደኞቼ ሁለቱ በቀይ ሽብር ሄዱ። ለእነሱም ፍርድ አልነበረም።

ይህን ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ነው የምናገረው።

በዚያው በኅዳር 14፣ ያውም ቅዳሜ፣ በ1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 767 ተጠልፎ፣ ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ካልወሰድከን ብለው፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 125 አለቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ባያሳርፈው ኖሮ ማንም ባልተረፈ። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ምስሉ በቴሌቪዥን ሲታይ ቡና የሚያፈላው ልጅ ሲኒ ይዞ ደርቆ ሲቀር ትዝ ይለኛል። ያን ቀንስ ከሟቾቹ ቤተሰብ ሌላ ማን ያስታውሰዋል?

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ለ1911 ሙታን እሳት የነደደው ጥፋተኛ ስላልነበረ ይመስለኛል። በየቤቱ ገብቷል፤ ማንም በማንም አይፈርድም። ስልሳዎቹን ለማስታወስ ግን መጀመሪያ እኔ ማኪያቶ የጠጣሁባትን ጧት ማስታወስ አለብኝ። እንደኔ ያለ ሰው በዚች ከተማ ስንት እንዳለ እናንተው ገምቱ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ኅዳር 14፣ ልክ 50 ዓመቱ። አጽማቸው ደርግ ከወደቀ በኋላ ከጅምላ ጉድጓድ ወጥቶ ያረፈው አራት ኪሎ ሥላሴ ነው። ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚያ ቀን አንድም ጊዜ ሄጄ አላውቅም። ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ እሆናለሁ፣ ጧፍም ገዝቻለሁ። በዚያ የምታልፉ ካላችሁ ሰላም በሉኝ። ስለ ኅዳር በሽታ አያቶቻችሁ የነገሯችሁ ካለም ጻፉልኝ፤ የአያቴ አባት የት እንደተቀበረ ባላገኝም፣ የሌላው ሰው አያት የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ይኖር ይሆናል።