ዌዘራይዜሽን፦ ቤትን ከብርድና ከሙቀት መከለል

ዌዘራይዜሽን በአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪን ለመቀነስ በቤቱ በራሱ ላይ የሚሠራ ጥገና ነው። በአማርኛ «ቤትን ከብርድና ከሙቀት መከለል» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል።

ቃሉ በብዛት የሚነሳው ከአንድ የመንግሥት ፕሮግራም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ዋጋ ሲንር፣ ኮንግረስ በ1976 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ጥገናው በነፃ እንዲሠራላቸው የሚያስችል ሕግ አወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው በመስኮት ላይ ፕላስቲክ ከመወጠርና ስንጥቅ ከመድፈን ብዙም አያልፍም ነበር።

ዛሬ የሚጀመረው በምርመራ ነው። ባለሙያው በውጭው በር መቃን ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥምና የቀሩትን የውጭ በሮችና መስኮቶች ይዘጋል። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ የውጭው አየር በየቀዳዳው ሾልኮ ይገባል። በሶኬት ዙሪያ ወይም በኮርኒሱ መውጫ አጠገብ እጅ ቢዘረጋ ንፋሱ ይታወቃል። መሣሪያውም ቤቱ ምን ያህል እንደሚያሾልክ በቁጥር ያሳያል። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ብርድና ሙቀት የሚከልል ኢንሱሌሽን ይሞላል፤ የማሞቂያው ምድጃም እንደ ሁኔታው ይጠገናል ወይም ይቀየራል። አየር የማያስገባ ቤት መርዛማ ጭስንም አፍኖ ሊያስቀር ስለሚችል፣ የማሞቂያው ደኅንነት አብሮ ይፈተሻል። ይህ ፈጽሞ ሊዘለል የማይገባው ክፍል ነው።

በፌዴራሉ መመዘኛ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 200 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰቦች ማመልከት ይችላሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ቅድሚያ ያገኛሉ። ተከራይም፣ አከራዩ ከፈቀደ፣ ይካተታል፤ በጥገናው ምክንያት ኪራይ እንዳይጨመርበትም ደንቡ ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቀዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሚኒሶታ ተከራይተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በተለይ ይህን ነጥብ ልብ ሊሉት ይገባል።

ዌዘራይዜሽን ከታክስ ክሬዲት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ የሰፋው ክሬዲት፣ ባለቤቱ ከኪሱ ከፍሎ ካሠራው ሥራ 30 በመቶውን፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ፣ ከታክስ ዕዳው ይቀንስለት ነበር። የታክስ ዕዳ የሌለበት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ግን ከዚህ የሚያገኘው አልነበረም። ክሬዲቱም እስከ 2025 መጨረሻ ከተጠናቀቀ ሥራ አያልፍም። ለጋዝና ለመብራት ሂሳብ የሚሰጠው ድጎማም ሌላ ነው፤ እሱ የመጣውን ሂሳብ ይከፍላል እንጂ ቤቱን አይነካም። ለዌዘራይዜሽን የሚያመለክቱ ሰዎች ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረውን የግዛታቸውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃሉ፤ እሱም ሥራውን በየአካባቢው ወደሚያከናውኑት ድርጅቶች ይመራቸዋል።