ከኡጂ ዳስ ሥር
ማቻ የሚባለው አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ሲነሳ ብዙ ሰው ጃፓንን ብቻ ያስባል። እኔ ግን ታሪኩን ከቻይና መጀመር እወዳለሁ፤ የሻይ ዱቄትን በሙቅ ውሃ መምታት የሶንግ ዘመን ልማድ ነበርና። ጃፓናዊው መነኩሴ ኤይሳይ በ1191 እ.ኤ.አ. ከዚያ ሲመለስ ልማዱን ይዞ መጣ። በ1214 ወታደራዊው ገዢ (ሾጉን) ሚናሞቶ ኖ ሳኔቶሞ ስካር አድክሞት ሲያድር ሻይ አቀረበለት፤ ስለ ጥቅሙ የጻፈውንም መጽሐፍ አብሮ ሰጠው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከኪዮቶ በስተደቡብ ያሉት የኡጂ ገበሬዎች ብልሃት ነው። በባህላዊው መንገድ ከለቀማ በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ቁጥቋጦዎቹን በሸምበቆና በሩዝ ገለባ ዳስ ይጋርዷቸዋል። ፀሐይ የተከለለው ቅጠል አረንጓዴነቱ ይደምቃል፤ ምሬቱም ይቀንሳል። ከተለቀመ በኋላ በእንፋሎት ይታጠናል፤ ደርቆም ጅማቱና ዘንጉ ይለቀምለታል። ከዚያ የድንጋይ ወፍጮው ተራ ነው። ፈጥኖ ከዞረ ሙቀቱ መዓዛውን ይገድለዋል፤ ስለዚህ አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚሰጠው 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ትዕግሥት ሳላከብር ማለፍ አልችልም።

ማቻ የሚቀርብበትን የሻይ ሥርዓት ደግሞ የሻይ መምህሩ ሴን ኖ ሪኪዩ ከሰፊ አዳራሽ አውጥቶ ሁለት የታታሚ ምንጣፍ ብቻ በምትይዝ ጠባብ ክፍል አስገባው። በ1591 ገዢው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ራሱን እንዲገድል አዘዘው። ከሪኪዩ ዘር የወጡት ሦስት ቤቶች፣ ኦሞቴሴንኬ፣ ኡራሴንኬና ሙሻኮጂሴንኬ፣ ዛሬም ኪዮቶ ውስጥ ያስተምራሉ።