ድንኳን ይነሣል፤ ደብር ይቀራል

የሸዋ ከተሞች ታሪክ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው የነገሥታቱ ስም ነው። ነገር ግን ንጉሡ ከተማውን ለቆ በሄደ ጊዜ የቀረው ሕዝብ በምን ጸንቶ ኖረ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ የሚገኘው ከአጥቢያው ደጀ ሰላም ነው። ለዚህም ደብረ ብርሃንና አንኮበር ሁለት ምስክሮች ናቸው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርጎ፣ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ሲከራከሩ የኖሩትን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ልጆችና ሌሎቹን መነኮሳት አስማማ፤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሥርዐት ቆመ። ደግሞ በ1446 ዓ.ም. ብርሃን ከሰማይ በታየበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ቦታውን ደብረ ብርሃን አለው፤ ከዘመኑም ፍጻሜ የሚበዛውን በዚያ አሳለፈ። የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምሯም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዘ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ከተወገሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበረና፣ ከዚያ ዘመን ለልጅ ልጅ የሚበጀው ሥርዐቱ እንጂ ቅጣቱ አይደለም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ድንኳን ከደብረ ብርሃን ተነሣ። በሚቀጥለውም መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦርነት ሸዋን አጠፋው። ከተማው ፈረሰ፤ በዓላቱ ግን በባላገሩ ቤት ቀሩ። በዓል ባለበት ማኅበር አለና፣ በማኅበሩ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያያዘ።

የማኅበር ሥርዐት ለማንም የታወቀ ነው፤ ኃይሉ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም። በወር በወር፣ በታቦቱ ዕለት፣ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል፤ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ያዘጋጃል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ሙሴው ሥርዐቱን ይጠብቃል። ድሃውና ባለጸጋው ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሳይታረቁ ጽዋውን አይቀበሉምና፣ ከዳኛ ፊት ሳይደርስ በዚያ የሚያልቀው ነገር ብዙ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚቀርበው የሰንበቴ ማዕድም ለአባሎቹ ብቻ አይደለም፤ ነዳያንና መንገደኛ ከእርሱ ይቀምሳሉ። ሰው ሲሞት አጥቢያው ይቀብራል፤ ተዝካሩንም አብሮ ያወጣል።

አጥቢያ ጎረቤትን ከጎረቤት ብቻ አላገናኘም። የሸዋ ልጅ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ድጓ ፍለጋ ቤተ ልሔም ሲወርድ፣ ኮቸሮውን የሚሰጠው የማያውቀው አገር ሰው ነበረ። ከጎጃምና ከበጌምድር የመጣውም ተማሪ በሸዋ ደጅ ቆሞ ስለ እመቤታችን ስም ይለምን ነበረ። አገር ከአገር የተዋወቀው በነጋዴና በወታደር ብቻ ሳይሆን በዚህ ለምድ በለበሰ ተማሪም ጭምር ነው።

አንኮበርም እንዲሁ የሸዋ መሳፍንት መቀመጫ በሆነ ጊዜ፣ ከቤተ መንግሥቱ ተራራ ዙሪያ ቅዱስ ሚካኤል፣ መድኃኔ ዓለም፣ ኪዳነ ምሕረትና ማርያም ተተከሉ። በ1840 ዓ.ም. ባረፈው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የጸጋና የካራ ክርክር ካህናቱን ከፈለ፤ ካህናቱ ሲከፈሉ ሕዝቡም ተከፈለ። አንድ የሚያደርገው ጽዋ የሚለይ ሆነ። ይህ ክርክር በጉባኤ የተፈረደው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ነው። እንግዲህ ማኅበር የሚያስተሳስረው በመካከሉ ሰላም ሲኖር ብቻ መሆኑን አንኮበር በመከራ ተማረች።

ከዚያም ምኒልክ ወደ ልቼ፣ ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተችው አዲስ አበባ አለፈ። በአንኮበር ተራራ ላይ ከቤተ መንግሥቱ የተረፈው የግንብ ፍራሽ ነው፤ በግርጌው ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም።

ከሁሉም የበለጠው ፈተና የመጣው በቅርብ ዘመን ነው። ብዙው ደብር በሰሞን መሬት ይተዳደር ነበረ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ካህኑ ከሰሞኑ ተለየ። ያን ጊዜ ንጉሥ የለ፣ ርስት የለ፤ መቅደሱን ያቆመው የሰንበቴው አባል ከጓዳው ያወጣው እህልና ሳንቲም ሆነ። ነገሥታት ለደብር የሰጡት በአዋጅ ተወሰደ፤ ድሃ ለድሃ የሰጠው ግን አልተወሰደም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። በነዚህም ዓመታት ከወለጋና ከሌላም ስፍራ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ተጠልለውባታል። የማኅበሩ ስም የሚፈተነው አሁን ነው። አባሎቹን ብቻ የሚያበላ ሰንበቴ ግብዣ ይባላል እንጂ ሰንበቴ አይባልም፤ የጥንቱ ሥርዐት ለመንገደኛ ድርሻ ነበረውና። ደጀ ሰላም ላይ የቆመው እንግዳ ስሙ ሳይጠየቅ ቢቀመጥ፣ ብርሃን የታየበት ቦታ ስሙን እንደ ጠበቀ ይቈጠራል።